ወለተ ጴጥሮስ፦ በመከራ ዘመን በእግዚአብሔር የታመነች እናት

ጎንደር፦ ኅዳር 17

ኅዳር በጎንደር ደጋማ ምድር የተስፋ ወር ነው። ክረምቱ አልፏል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ አዝመራው ከማሳ ወደ አውድማ መግባት ጀምሯል። አርሶ አደሩ በክረምት ለአፈር አደራ የሰጠውን ዘር መልሶ የሚቀበልበት ጊዜ ነው። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ፣ ከኅዳር ጽዮን በፊት፣ ወሩ በገባ በ17ኛው ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአንዲት እናት ዕረፍት ታስባለች። እርሷም ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት።

ወለተ ጴጥሮስ ልጆቿን በሞት ያጣች፣ ከሞቀ ቤቷ የወጣች፣ በነገሥታት ፊት ለፍርድ የቆመች፣ በቆላ በረሃ የተጋዘች ሴት ነበረች። ይህ ሁሉ ሲደርስባት ግን ከእግዚአብሔር ላይ እጇን አላነሳችም። ታሪኳን ያቆየልን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ነው፤ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1672 እ.ኤ.አ.፣ ከእርሷ ጋር የኖሩትን እየጠየቀ ገድሏን በግእዝ ጻፈ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። የዘር ሐረጋቸው ከደዋሮና ከፈጠጋር ባላባቶች የሚመዘዝ ነበር፤ ወንድሞቿም በቤተ መንግሥት የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። ለአካለ ሔዋን ስትደርስ በዐፄ ሱስንዮስ ዘንድ ታላቅ ባለሟል ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሀብቱም፣ ክብሩም፣ አገልጋዩም አልጎደለባትም።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከውጭ ሳይሆን ከእልፍኟ ውስጥ ነበር። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱንም ገና በሕፃንነታቸው ቀበረች። ለአንዲት እናት ከዚህ የከበደ ምን አለ? በእነዚያ ዓመታት ወለተ ጴጥሮስ በጾምና በጸሎት፣ ለድኻ በመመጽወትና ቤተ ክርስቲያን በመሳለም ትኖር እንደ ነበር ገድሏ ይናገራል። የዚህ ዓለም ክብር አላፊ መሆኑን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከልጆቿ መቃብር ተምራለች። ከዚያ ወዲያ ልቧ ወደ ምንኩስና አዘነበለ።

በዚያው ዘመን በሀገሪቱ ላይ ሌላ ደመና ያንዣብብ ነበር። በ1607 የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ ከፖርቱጋልና ከስፔን ምድር የመጡትን ኢየሱሳውያን መምህራን አቅርበው፣ በተለይ በፔድሮ ፓኤዝ ትምህርት ተስበው፣ ወደ ካቶሊክ እምነት ማዘንበል ጀመሩ። ንጉሡ ሠራዊታቸውን ሊያጠናክሩላቸው የሚችሉ ወዳጆችን ከባሕር ማዶ ይሹ ነበር። ሕዝቡ ግን ከአባቶቹ የተቀበለውን እምነት ሊተው አልፈቀደም። የሰንበት ቅዳሜ መከበር እንዲቀር በታወጀ ጊዜ ገበሬው በሬውን ጠምዶ እንዲያርስ መታዘዙ በየአውራጃው ቁጣን ቀሰቀሰ።

በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስ ዐመፀ። ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም ከዐመፀኞቹ ጋር ወገኑ፤ በጦርነቱም ሁለቱም ሞቱ። መልክአ ክርስቶስ በዚያ ዘመቻ ከንጉሡ ጦር ጋር ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ይህን በሰማች ጊዜ የጳጳሱ ደም ከፈሰሰበት ወገን ጋር አንድ ማዕድ መቁረስ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር አልቻለችም።

ከቤቷ ለመውጣት ያደረገችው ጥረት በአንድ ጊዜ የተሳካ አልነበረም። አስቀድማ ከስማዳ በመነኮሳት ረዳትነት በሌሊት ወጥታ ወደ ጣና አካባቢ ሸሽታ ነበር። ባሏ ጭፍራውን አስከትሎ ሲከታተላት፣ በእርሷ ምክንያት የሀገሬው ሰው እንዳይጎዳ ስትል ከተሸሸገችበት ወጥታ መመለሷን ገድሉ ይተርካል። ለራሷ ብቻ ያሰበች ቢሆን ኖሮ እንደ ተሸሸገች በቀረች ነበር። በኋላ ግን ዳግመኛ ወጣች፤ በ25 ዓመቷ ገደማም የምንኩስና ቆብ ደፋች። በቅሎ ስትጋልብ የኖረች እመቤት በእግሯ ሄደች፤ አገልጋዮች ይፈጩላት የነበረችው ራሷ ፈጨች፣ ውኃ ቀዳች፣ እንጨት ለቀመች።

በዚህ ጊዜ ነበር እኅተ ክርስቶስን ያገኘችው። እኅተ ክርስቶስም እንደ እርሷ ትዳሯን ትታ የመነነች ሴት ነበረች። ሁለቱ ከተገናኙበት ቀን ጀምሮ ሞት እስኪለያቸው ድረስ በመከራም በደስታም አልተለያዩም። በእግዚአብሔር መታመን ከሰው መራቅ አለመሆኑን የእነዚህ የሁለት ሴቶች ወዳጅነት ያስረዳል፤ ፈጣሪ ብርታትን ብዙ ጊዜ የሚልከው በባልንጀራ እጅ ነውና።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበሉ። በ1625 ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ ወደ ሀገሪቱ ገቡ፤ በተከታዩ ዓመት ንጉሡ፣ መሳፍንቱና መኳንንቱ ለሮማ ጳጳስ ታማኝ ለመሆን ማሉ። የዛሬዋ ጎንደር ገና ከመቆርቆሯ በፊት፣ በዙሪያዋ ባሉት በደንቀዝ፣ በጎርጎራና በአዘዞ የንጉሡ አብያተ መንግሥትና የኢየሱሳውያኑ አብያተ ክርስቲያናት ቆመው ነበር። ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ሕዝቡም እንደገና እንዲጠመቅ፣ አጽዋማትና በዓላትም እንዲለወጡ ታዘዘ።

ወለተ ጴጥሮስ ዝም አላለችም። ሕዝቡ የአባቶቹን እምነት እንዳይለቅ በሄደችበት ሁሉ አስተማረች። ነገሩ ንጉሡ ጆሮ ደረሰ፤ ተጠርታም በጉባኤ ፊት ቆመች። ቅጣቱ ሞት ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን ዘመዶቿ ታላላቅ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ትታው የወጣችው ባሏም ሳይቀር እንዳትገደል ስለማለደላት በሕይወት ተረፈች።

ከዚያም ፊቷን ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋልድባ አዞረች። ዋልድባ ከጥንት ጀምሮ የመናንያን መጠጊያ ነው። በዚያ እህል አይበላም፤ መነኮሳቱ በሥራ ሥርና በቅጠል፣ ቋርፍ በሚሉት ምግብ ይኖራሉ። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ በተዘረጋው በዚያ ቆላ፣ ወለተ ጴጥሮስ ከተከተሏት ጋር በጾምና በጸሎት ተቀመጠች። በጸለምትም ስብከቷን ቀጠለች። በዚህም ምክንያት ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ንጉሡ ተወሰደች።

በዚህኛው ጊዜ የመጣባት ፈተና ከሰይፍ ይልቅ የረቀቀ ነበር። እንድትለወጥ እንዲያስተምሯት ለፓትርያርኩ ለሜንዴዝ ተሰጠች። የተማሩ ሰዎች፣ በታላቅ ሥልጣን የተደገፉ ሰዎች፣ ቀን ከቀን አግባቧት። ቢሆንላቸው ኖሮ የአንዲት የተከበረች እመቤት መለወጥ ለብዙዎች ምሳሌ በሆነ ነበር። አልሆነም። ያልተቀበለችውን በአንደበቷ ብትናገር ወደ ቤቷና ወደ ክብሯ በተመለሰች ነበር፤ እርሷ ግን ግዞትን መረጠች።

የተጋዘችበት ስፍራ ዠበይ ይባላል፤ በምዕራብ ወደ ሱዳን በኩል ያለ የቆላ ምድር ነው። ለደጋ ሰው ሙቀቱም፣ ንዳዱም የታወቀ ነው። በዚያ ሦስት ዓመት ቆየች። የግዞቱ ዓላማ ከሕዝብ እንድትለይና እንድትረሳ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። እምነታችንን አንለውጥም ብለው ከየስፍራው የተሰደዱ ወንዶችና ሴቶች ወዳለችበት መጡ፤ የመጀመሪያው ማኅበሯም በግዞት ምድር ተመሠረተ። ሦስት ልጆቿን የቀበረችው ሴት በዚያ በረሃ የብዙዎች እናት ሆነች።

ከግዞት ከተመለሰች በኋላ ተከታዮቿ እየበዙ ሄዱ። በጣና ዙሪያ፣ በዘጌ፣ በአፈር ፈረስና በሌሎች ስፍራዎች፣ የዠበዩን ጨምሮ በጠቅላላው ሰባት ማኅበራትን አቋቋመች። አንዱ ከአንዱ ሳይበልጥ በአንድነት የሚሠራበት፣ በአንድነት የሚመገብበት ሥርዓት ሠራች። ችግሩ በዚህ አላበቃም፤ ረሀብ አለ፣ ወረርሽኝ አለ፣ ከስፍራ ወደ ስፍራ መሰደድ አለ። ሴት እንዴት ታስተምራለች፣ እንዴት ማኅበር ትመራለች ብለው የተነሡባት ካህናትም ነበሩ። በዚያ ጊዜ አባ ፈትለ ሥላሴ የተባሉ የተከበሩ መምህር የጠራት እግዚአብሔር ነው ብለው ቆሙላት።

በሀገሩ ላይ ግን ደም መፍሰሱ አልቆመም ነበር። በሰኔ ወር 1632 በወይና ደጋ በተደረገው ውጊያ የንጉሡ ጦር በእምነታቸው ምክንያት የተነሡትን የላስታ ገበሬዎች ድል አደረገ። ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በአንድ ቀን ወደቁ። የሞቱት የሩቅ ጠላቶች አልነበሩም፤ የአንድ ሀገር ልጆች፣ በአንድ ስም የሚጠመቁ ክርስቲያኖች ነበሩ። ንጉሡ ድል አድርገው ሳለ ልባቸው ተሰበረ። በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ እንዲመለስ ዐወጁ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፉ፤ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስም ተቀበሩ።

ይህን ታሪክ ስንናገር ፍትሕ ልንነፍግ አይገባም። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው በሁለቱም ወገን በቅን ልቡ ያመነበትን ይዞ ቆሟል፤ አዋጁ ከተሻረ በኋላም የካቶሊክን እምነት ይዘው የቀሩት በተራቸው ተሰድደዋል፣ ተገድለዋል። ሃይማኖት በሰይፍ ሲሰበክ የሚተርፈው መቃብር ብቻ መሆኑን ያ ዘመን ለሁላችንም አስተምሮ አልፏል። ወለተ ጴጥሮስ ሰይፍ አላነሣችም፤ ጦር አላዘመተችም። የያዘችው ጸሎትንና እምቢታን ነበር፤ ያፈራችውም ማኅበርን ነው።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። ከዚያ የመከራ ዘመን በኋላ ግንቦች ተሠሩ፣ ገበያ ተተከለ፣ አድባራት ተደበሩ። ወለተ ጴጥሮስ የከተማዪቱን መቆርቆር ለማየት በቅታለች። ታማ ቆይታም በ50 ዓመቷ፣ በ1642፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች። ከመነኮሰች 26 ዓመት ሆኗት ነበር። ማኅበሩን ከእርሷ በኋላ የመራችው ያችው የማትለየው ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ናት።

በ1650 ዐፄ ፋሲለደስ በጣና ዳር ቆራጣ ላይ በስሟ ለሚጠራው ገዳም መሬት ሰጡ። ቆራጣ ወለተ ጴጥሮስም ከንጉሥ ቁጣ ለሸሸ ሰው የመማፀኛ ስፍራ ሆና ለዘመናት ኖረች። አንድ ጊዜ ራሷ ከንጉሥ ቁጣ የተሰደደች እናት፣ ካረፈች በኋላ ለተሰደዱት ሁሉ መጠጊያ ሆነች። ገድሏ ስለ አፍሪካዊት ሴት ከተጻፉ የሕይወት ታሪኮች ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፣ በ2015 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በሩቅ ሀገር ላሉ አንባቢዎችም ደርሷል።

የወለተ ጴጥሮስን ሕይወት መላልሶ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። በእግዚአብሔር መታመን መከራን አላስቀረላትም። የሞቱት ልጆቿ አልተመለሱም፤ ግዞቱ በሦስተኛው ቀን ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት አለቀ፤ ከ1617 እስከ 1632 የቆየው የእምነት መከራም 15 ክረምት አስቆጥሯል። መታመኗ ያደረገላት ሌላ ነው። ባጣችው ነገር ተሰብራ እንዳትቀር፣ በመከራዋ ውስጥ ሆና የሌላውን መከራ እንድትሸከም፣ ፍጻሜውን ለባለቤቱ ትታ የዕለቱን ሥራ እንድትሠራ አቁሟታል።

ይህን ከሁሉ ይልቅ የሚረዳው አርሶ አደሩ ነው። ዘሩን በአፈር ሲሸፍነው ዝናቡን የሚያዘው እርሱ አይደለም፤ በረዶውን የሚከለክለው፣ አንበጣውን የሚመልሰው እርሱ አይደለም። ቢሆንም ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፤ የቀረውን ለፈጣሪ ይተዋል። ዛሬም በጎንደር ከተማና በሰሜኑ ደጋ ልጁን ያጣ፣ ከቀዬው የተፈናቀለ፣ የነገውን የማያውቅ ብዙ አለ። ወለተ ጴጥሮስ በእነዚህ ተራሮችና በዚህ ሐይቅ ዳርቻ በዚያው መንገድ አልፋለች። ኅዳር 17 በመጣ ቁጥር ስሟ የሚጠራው መከራ ስላልነካት ሳይሆን፣ መከራው ከተገናኛት በኋላ ለሌሎች በሯን ስላልዘጋች ነው።