ኦቶ ሎዊ፦ ከልብ ነርቭ የሚለቀቀውን ያገኘ ሐኪም

ከመካከላችን አትሮፒን ያላዘዘ የለም። ይህ መድኃኒት ልብ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ግን የኦቶ ሎዊ ድካም ብዙ ረድቷል።

ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1873 ፍራንክፈርት ተወለደ። በስትራስቡርግ ሕክምና ተምሮ በ1896 ተመረቀ። ሆስፒታል ሲሠራ የሳንባ ነቀርሳና የሳንባ ምች ሕሙማን መድኃኒት አጥተው ሲሞቱ ማየት ከበደው። ክሊኒኩን ትቶ ወደ ምርምር ገባ፤ በ1909 በኦስትሪያ ግራዝ የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ።

ነርቭ ልብን የሚያዘው በኤሌክትሪክ ነው ወይስ በኬሚካል? የሙከራው ሐሳብ በሌሊት መጣለት። ጻፈው፤ ጠዋት ግን የራሱን ጽሕፈት ማንበብ አቃተው፤ ሐኪም አይደል! በማግስቱ ሌሊት ሐሳቡ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። የአንዱን እንቁራሪት ልብ በቬገስ ነርቭ አዘገየና ፈሳሹን ወደ ሌላ ልብ ጨመረ። ነርቩ ያልተነካው ልብም ዘገየ። ውጤቱን በ1921 አሳተመ። ንጥረ ነገሩ አሴቲልኮሊን መሆኑ በኋላ ታወቀ።

አትሮፒንስ የሚያግደው ነርቩ እንዳይለቅ ነው ወይስ ልቡ እንዳይቀበል? ሎዊ ከናቭራቲል ጋር ሆኖ አትሮፒን ቢሰጥም ነርቩ መልቀቁን እንደማያቆም አሳየ፤ የተዘጋው ተቀባዩ ነው። እንዲያውም ነርቩ ጫፍ ላይ ልቀቱን የሚገቱ ተቀባዮች እንዳሉ ሌሎች በኋላ ደረሱበት፤ አትሮፒን እነሱንም ሲዘጋ ልቀቱ ይጨምራል። ፊዞስቲግሚን ደግሞ የአሴቲልኮሊንን መፍረስ እንደሚከለክል ሁለቱ በ1926 አሳዩ።

በ1936 ሎዊ ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመ። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ፣ አይሁዳዊ በመሆኑ ከሁለት ልጆቹ ጋር ታሰረ። እገደላለሁ ብሎ ሲሰጋ ያስጨነቀው ያላሳተመው ውጤት ነበር፤ ፖስት ካርድ ለምኖ ጽፎ ላከው። የተፈታው የኖቤል ገንዘቡን አስረክቦ ነው። በቤልጅየምና በእንግሊዝ አድርጎ በ1940 ኒው ዮርክ ገባ፤ እዚያው በ1961 በ88 ዓመቱ አረፈ።

ኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባይ የጠጣ ሰው ሲመጣላችሁ ሎዊን አስቡት። መርዙ የሚሠራው እንደ ፊዞስቲግሚን ነው፤ አሴቲልኮሊኑ ይከማቻል። አትሮፒን ተቀባዩን ይዘጋል እንጂ መርዙን አያወጣም። ስለዚህ ደረቱ እስኪጸዳ ደጋግመን እንሰጣለን፤ ከጸዳም በኋላ ከአልጋው አጠገብ አንርቅም።