መትረየስና ገደል፦ የደጃዝማች አያሌው ብሩ የጦር ሕይወት በስሜን

ደጃዝማች አያሌው ብሩ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ስሜንን ያስተዳደሩ ስመ ጥር የጦር መሪ ናቸው። ሕይወታቸው ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በታማኝነት መለኪያ ነው። በ1922 የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ ሲያምፁ፣ ደጃዝማች አያሌው የእቴጌይቱ ዘመድ ቢሆኑም ከማዕከላዊው መንግሥት ጎን ቆሙ። ከአንቺም ጦርነት በኋላ ግን የበጌምድር ግዛት ለእርሳቸው ሳይሆን ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጠ። ይህ ጽሑፍ ሌላ መለኪያ ያቀርባል፤ ይኸውም መትረየስና የመሬት አቀማመጥ በውጊያዎቻቸው ላይ የነበራቸው ትስስር ነው።

በዘመኑ ኢትዮጵያ ከነበሯት መትረየሶች አንዱ የፈረንሳዩ ሆችኪስ ነበር። መሣሪያው ብቻውን 24 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ባለ ሦስት እግር መቆሚያውም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ በስሜን ተረተር ላይ ያለ በቅሎና ያለ ረዳት ተኳሾች ከቦታ ወደ ቦታ ማዘዋወር አዳጋች ነበር።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና መተላለፊያ ከጣሊያን ጋር ተዋጋ። የጠላት ቀላል ታንኮች መትረየስ የታጠቁ ቢሆኑም፣ መሣሪያው ከፊት ለፊት ስለተገጠመ የሚዞረው በጠባብ ማዕዘን ብቻ ነበር። ተዋጊዎቹ ከጎንና ከኋላ ተጠግተው ታንኮቹን ማረኩ። በየካቲት መጨረሻ በሽሬ የተደረገው ውጊያ ግን በመድፍና በአውሮፕላን የበላይነት ለጣሊያን አደላ። የጣሊያን ጦር መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ገባ።

በ1933 ታሪኩ ተገለበጠ። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው ወልቀፊት የመሸገው የኮሎኔል ጎኔላ ጦር የገደሉን አፋፍ ይዞ ከታች የሚመጣውን መንገድ ይቆጣጠር ነበር። ከእንግሊዞችና ከአርበኞች ጋር ምሽጉን የከበቡት ደጃዝማች አያሌው በሰኔ ወር ጣሊያኖች ከምሽግ ወጥተው ባደረጉት መልሶ ማጥቃት ተማረኩ። ምሽጉም እስከ መስከረም 1934 ሳይወድቅ ቆየ፤ እጁን ሲሰጥ በውስጡ 3000 ገደማ ወታደሮች ነበሩ።

ሁለቱ ውጊያዎች ጎን ለጎን ሲታዩ መትረየስ ብቻውን ድልን እንደማይወስን ያሳያሉ። በደምበጉና የመሣሪያው ጠባብ ማዕዘን ለአጥቂው በር ከፈተ፤ በወልቀፊት ግን ገደሉ ያንኑ ጠባብ ማዕዘን ለተከላካዩ በቂ አደረገው። ስለዚህ የደጃዝማች አያሌውን ድልና ምርኮ በታማኝነት ወይም በጀግንነት ብቻ መተርጎም፣ ከፍታውን ማን ይዞ ነበር የሚለውን ጥያቄ ይሸፍናል።