ድምፁ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀው ሰው

መርካቶ ራጉኤል ጋ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትቆሙ እንኳ ዙሪያችሁ ምን እንዳለ አይጠፋችሁም። የራጉኤል ቤተክርስቲያን ቅዳሴ በአንድ በኩል ይመጣል፣ የታላቁ አንዋር መስጊድ አዛን በሌላ በኩል። ከኋላ ተሸካሚው መንገድ ልቀቁልኝ እያለ ይጮሃል፣ ከፊት ሚኒባስ ጡሩንባ ይነፋል። ማንም ሳይነግራችሁ ለተሸካሚው በየት በኩል መልቀቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ጆሮ ድምፁን ብቻ ሳይሆን የመጣበትን ቦታም ይሰማል።

እዚያው መርካቶ ሆም ቴአትር ገዝቶ ቤቱ የገጠመ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይሄን ነገር ያጣዋል። የኋላ ስፒከሮቹ ዝም ይላሉ። ሙዚቃው ቤት ሲያናውጥ ንግግሩ አይሰማም። ተዋናዩ በቀኝ በኩል ቆሞ ድምፁ ከግራ ይመጣል። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ጓደኞቼ ግን በአብዛኛው የሚደውሉልኝ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ነው። ሁሉም መጀመሪያ የሚያደርጉት ድምፁን መጨመር ነው። ቀጥሎ የሚያስቡት ደግሞ ሌላ ትልቅ ስፒከር መግዛት።

ለዚህ ነው ዛሬ ስለ አለን ብሉምላይን ልጽፍላችሁ የፈለግኩት። በድምፅ ምሕንድስና ዓለም ስሙ ትልቅ ነው፣ የስቴሪዮ አባት የሚሉት እሱን ነው። እኛ ሰፈር ግን የሚያውቀው የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብሉምላይን ጁን 29 ቀን 1903 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ የማዕድን መሐንዲስ ነበር። ልጁ በ7 ዓመቱ የቤታቸውን የበር ደወል ጠግኖ ለአባቱ የጥገና ሂሳብ እንዳቀረበና ራሱን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ብሎ እንደፈረመ ይተረካል። ንባብ ግን እስከ 12 ዓመቱ ድረስ ብዙም አይሆንለትም ነበር። በኋላ ለንደን በሚገኘው ሲቲ ኤንድ ጊልድስ ኮሌጅ ገብቶ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

በ1924 የጀመረው ሥራ የስልክ ነበር። ረጅም መስመር ላይ የሌላ ሰው ወሬ ጣልቃ እየገባ ሲያስቸግር ያንን ማጥፋት። በ1929 ኮሎምቢያ የሚባለው የሸክላ ኩባንያ ቀጠረው። እዚህ ላይ የተማርኩት ትምህርት ትዝ ይለኛል፤ ምክንያቱም የተቀጠረው ለጥበብ ተብሎ አይደለም። ኩባንያው ለድምፅ መቅረጫው ለአሜሪካኖች የፓተንት ክፍያ ይከፍል ነበር። የብሉምላይን ሥራ ያንን ፓተንት ሳይነካ የሚቀርጽ ሌላ መሣሪያ መፍጠር ነበር። ፈጠረውም። ኩባንያው ከክፍያው ተገላገለ፣ የድምፁ ጥራትም ጨመረ።

በ1931 ኮሎምቢያ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ኢኤምአይ ሆነ። በዚያው ዓመት ብሉምላይን በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከዶሪን ጋር ሲኒማ ገባ። ድምፅ ያለው ፊልም ገና አዲስ ነገር ነበር። ተዋናዩ ከስክሪኑ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ድምፁ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሌላው ተመልካች ታሪኩን ሲከታተል ብሉምላይንን ይሄ ነገር አላስቀመጠውም። ለዶሪን መፍትሔ እንዳለው ነገራት፤ ድምፁ ሰውየውን እንዲከተለው ማድረግ እንደሚችል።

ሐሳቡ የመጣው ከጆሮ ነው። በቀኝ በኩል ያለ ድምፅ ቀኝ ጆሯችሁ ጋ ከግራው ቀድሞ ይደርሳል። ልዩነቱ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ያነሰ ነው፣ አእምሮ ግን አያመልጠውም። ሁለት ስፒከሮች በትክክል ከተመጣጠኑ ጆሮን ማታለል ይቻላል። ድምፁ ምንም ስፒከር ከሌለበት ከመሃል የመጣ ይመስላል። ብሉምላይን ይህንን ዲሴምበር 14 ቀን 1931 ለፓተንት አቀረበው፤ ገና የ28 ዓመት ወጣት ነበር። ሰነዱ ውስጥ ማይክሮፎኖቹ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ሁለት ድምፅ በአንድ የሸክላ መስመር ላይ እንዴት እንደሚቀረጽ፣ ፊልም ላይ እንዴት እንደሚሠራ ሁሉም አለ።

ሞከረውም። በ1934 አቤይ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ የሞዛርትን ሲምፎኒ በስቴሪዮ ቀረጸ። በ1935 ባቡር ሲያልፍ ቀረጸ፤ ባልደረቦቹንም መድረክ ላይ እየተራመዱ እንዲያወሩ አድርጎ ፊልም አነሳቸው። ድምፃቸው አብሯቸው ይሄድ ነበር። ሠርቷል!

ግን ማን ይግዛው? ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። አንድ ስፒከር መግዛት ለከበደው ሰው ሁለት ግዛ ማለት አይቻልም። ኩባንያው ሐሳቡን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠና ብሉምላይንን ወደ ቴሌቪዥን አዞረው። ቢቢሲ በ1936 ሥርጭት ሲጀምር ከተጠቀመባቸው ሁለት ሥርዓቶች አንዱና በኋላ ያሸነፈው የኢኤምአይ ነበር፤ ብሉምላይንም ብዙ ደክሞበታል።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ብሉምላይን አውሮፕላን በሌሊትና በደመና መሬቱን እንዲያይ የሚያደርግ ራዳር ላይ ይሠራ ጀመር። ጁን 7 ቀን 1942 መሣሪያውን አየር ላይ ለመሞከር ሃሊፋክስ በሚባል ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተሳፈረ። ሞተሩ በእሳት ተያያዘ፣ አውሮፕላኑ ወደቀ፣ የተሳፈሩት 11 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ብሉምላይን 39 ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሚስትና ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ጠላት እንዳይሰማ ተብሎ አደጋው በምስጢር ተያዘ። በ38 ዓመት ዕድሜው 128 ፓተንት ያስመዘገበ ሰው ሕዝብ ሳያውቀው ሄደ።

የስቴሪዮ ሸክላ በ1958 ገበያውን ሲያጥለቀልቀው የፓተንቱ ዘመን አልፎ ነበር። የሸክላው አቀራረጽ እሱ ካሰበው ጋር አንድ ነው፣ ሰውየው ግን የለም። ግራሚ እንኳ የደረሰው በ2017 ነው። ዛሬ ካርቶኑ ላይ የምታዩት ስም ዶልቢ ነው። ሬይ ዶልቢም የራሱ ትልቅ ታሪክ አለው፣ ከሁለት ቻናል ወደ ብዙ ቻናል የተሄደበትን መንገድ ለመጥረግ ኩባንያው ብዙ ሠርቷል። 5.1 የሚባለው፣ ማለትም ሦስት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ አንድ ለቤዝ፣ ብሉምላይን ሲኒማ ቤት ውስጥ ያነሳው ጥያቄ ልጅ ነው። የመሃሉ ስፒከር የተቀመጠው በዋናነት ንግግሩ ከስክሪኑ እንዲመጣ ነው።

ስለዚህ ቤታችሁ ያለው ነገር ሲያስቸግራችሁ እንደሱ ጠይቁ። ስንት ይጮሃል ሳይሆን ከየት ይመጣል?

ሪሞታችሁ ላይ ቴስት ቶን ካለ ክፈቱት። ድምፁ ስፒከር በስፒከር ይዞራል። ሁሉም ተራውን ጠብቆ ከጮኸ ስፒከሮቹና ገመዶቹ ጤነኛ ናቸው፣ ችግሩ ያለው ማጫወቻው፣ ማገናኛው ወይም ፊልሙ ላይ ነው። ግራው ሲጠራ ቀኙ ከጮኸ ተለዋውጠዋል ማለት ነው።

ከዚያ ማገናኛውን እዩ። ቀይና ነጯ ገመድ የምትይዘው ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ለ5.1 ኤችዲኤምአይ ወይም ኦፕቲካል ያስፈልጋል። ገመዱ ትክክል ሆኖ የኋላው ዝም ካለ፣ የማጫወቻው የድምፅ ሴቲንግ ስቴሪዮ ወይም ፒሲኤም ላይ ሊሆን ስለሚችል ቢትስትሪም ላይ አድርጉና ሞክሩ። ንግግሩ መሃል አልቀመጥ ብሎ ቤዙም ከሳሳ፣ የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ገመድ ተገላብጦ ይሆናል። ደግሞ ፋይሉ ራሱ ሁለት ቻናል ብቻ ከሆነ የኋላው ዝምታ ብልሽት አይደለም። ብዙ የቆዩ ክሊፖች እንደዚያ ናቸው።

ይሄ ሁሉ አንድ ብር አያስወጣም። አዲስ ስፒከር ለመግዛት መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡት። ዛሬ ማታ ፊልም ስትከፍቱ ተዋናዩ ሲራመድ ድምፁ አብሮት ከሄደ፣ ብሉምላይን በ1931 ያሰበው ነገር እናንተ ሳሎን ደርሷል ማለት ነው።