የሐኪም ወርቅነህ ብድር

ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው የጨርጨርን ደጋ ያገኛል። ይህን አገር ከ1923 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ያስተዳደሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። የሕይወታቸው ታሪክ ትምህርት ለአንድ ብቸኛ ሕፃን ምን እንደሚያደርግለት ያስተምረናል።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ፥ ጎንደር የተወለደው ትንሹ ወርቅነህ ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ወሰደው። ያ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሲሞት ሌላ መኮንን የትምህርት ቤቱን ወጪ ቻለለት። ልጁም አድጎ ላሆር ውስጥ ሕክምና ተማረ። ስሙ ግን ቻርልስ ማርቲን ሆኖ ነበር፤ አማርኛውም ጠፍቶበት ነበር።

ከዐድዋ ድል በኋላ ሐኪሙ አገራቸውን ፈልገው መጡ። አያታቸው በገላቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለዩአቸው። ጠፍቶባቸው የነበረውን ቋንቋ ተምረው፥ በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሱ። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆችም ትምህርት እንዲደርሳቸው ደከሙ። ሌሎች ያስተማሩአቸውን ብድር የመለሱት ሌሎችን በማስተማር ነው።

ዋጋውም ከባድ ነበር። በውጭ አገር የተማሩት ሁለት ልጆቻቸው፥ ብንያምና ዮሴፍ፥ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። ጠላት የተማረውን ወጣት አስቀድሞ የሚያጠፋው፥ የተማረ ሰው ምን እንደሚሠራ ስለሚያውቅ ነው። ሐኪም ወርቅነህ ከነፃነት በኋላ አገራቸው ገብተው በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

ወጣቶች ሆይ፥ ዛሬ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ አላት። ነገር ግን በአዋሽ ሸለቆ ግመልና ፍየል የሚጠብቀው ልጅ ወደዚያ የሚደርሰው በአንደኛ ክፍል በር ነው። ቤተሰቡ ውኃና ግጦሽ ተከትሎ ሲሄድ ትምህርት ቤቱ ከኋላ ይቀራል። ስለዚህ መምህሩም አብሮ መሄድ፥ ፊደሉንም ልጁ በሚያውቀው በአፋርኛ ማስጀመር ይገባዋል። የተማርን ሁላችን የአንድ ሰው ባለዕዳዎች ነን። በዕረፍት ወራት አንድ ልጅ ማንበብ ብናስተምር፥ ያን ዕዳ መክፈል እንጀምራለን።