ኦሌ ኤቪንሩድ፦ ሞተርን ከጀልባ ኋላ ያንጠለጠለው ሰው

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሰው ስሙ በጀልባ ሞተር ክዳን ላይ ተጽፎ ዓለምን የዞረ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦሌ ኤቪንሩድ በ1877 በኖርዌይ አገር ተወለደ። የ5 ዓመት ሕፃን ሳለ ወላጆቹ አገራቸውን ለቀው በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሐይቅ አጠገብ እርሻ ያዙ። ልጁን የሳበው ግን እርሻው ሳይሆን ማሽን ነበር። በስውር የጀመረውን የመጀመሪያ ጀልባ አባቱ አግኝተው በእሳት እንዳቃጠሉበት፣ እርሱም ሌላ ሠርቶ ሰዎችን በክፍያ ያንሸራሽር እንደነበር ይተረካል። ወላጆች፣ ይህችን ልብ በሏት። በ16 ዓመቱ ወደ ማዲሰን ከተማ ሄዶ በማሽን ሥራ ተቀጠረ።

በኋላ ሚልዋኪ ገብቶ ሳለ ቤስ የምትባል ወጣት ወደደ። አንድ ቀን በሐሩር ለእርሷ አይስክሬም ሊያመጣ ሐይቁን ቀዝፎ ተሻገረ፤ ሲመለስ ቀልጦ አገኘው ይባላል። የኒው ሀልፋን ፀሐይ የምታውቁ በዚህ አትደነቁም። በ1909 ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሩን ለገበያ አወጣ። ጉልበቱ 1.5 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ 28 ኪሎ ያህል ነበር። እንዲህ ያለ ሞተር ከእርሱ በፊት የሸጡም ነበሩ፤ የእርሱን ያስፋፋችው ግን ሚስቱ ቤስ ናት፤ ደብዳቤውንም ማስታወቂያውንም የያዘችው እርሷ ነበረች።

ቤስ ስትታመም ኦሌ በ1914 ድርሻውን ሸጠ፤ ለ5 ዓመትም ተወዳዳሪ ሞተር ላለመሥራት ተስማማ። ጊዜው ሲያበቃ የራሱን አሮጌ ሞተር የሚተካ ሌላ ይዞ መጣ። ብዙውን ክፍል ከአሉሚኒየም ስለሠራው ሲሊንደሩ ሁለት፣ ጉልበቱም እጥፍ ያህል ሆኖ ሳለ ክብደቱ ወደ 22 ኪሎ ወረደ። የቀድሞ ድርጅቱ አልፈልግም ቢለው ከቤስ ጋር ኤልቶ የተባለ አዲስ ድርጅት አቋቋመ። በ1929 ሁለቱ ድርጅቶች ተዋሃዱና ኦሌ ፕሬዚዳንት ሆነ። ቤስ በ1933፣ እርሱም በ1934 አረፉ።

በስሙ የሚጠራው ሞተር መመረት በ2020 ቆመ። ስለዚህ አሮጌ ጀልባ አድሶ ሞተሩን መለወጥ የሚፈልግ ሰው ከሌላ ፋብሪካ ይመርጣል። ከመካከላችሁ ሞተር ጥገና የምትማሩ፣ ይህን ያዙ፦ በፊት ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተደባልቆ የሚሠራው ባለ ሁለት ምት ሞተር ቀላል ነበር፤ የዛሬው ባለ አራት ምት ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጭሱም ያንሳል፣ ግን በእኩል ጉልበት ይከብዳል። የአሮጌ ጀልባ የኋላ ጣውላ ለቀላሉ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ከባዱ ከተሰቀለበት ኋላው ይሰምጣል፣ ማዕበልም ከኋላ ይገባል። እንግዲህ ከዋጋው በፊት ኪሎውን ጠይቁ። የኋላውን ጣውላ ከፍታም ለኩ፤ የሞተሩ እግር ካጠረ መዘውሩ አየር ይመታል፣ ከረዘመም ውኃው ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የጣናው የደንገል ታንኳ ደግሞ ሞተር የሚታሰርበት ጠንካራ ጣውላ ጭራሽ የለውም።