የአፍ ተሐዋስያንን ቀድሞ ያየው ጨርቅ ነጋዴ

በጅዳ በኒ ማሊክ ሠፈር የሚኖሩ አንባቢያን የአፍ መጉመጥመጫን ከፋርማሲ፣ መፋቂያን ደግሞ ከመንገድ ዳር ይገዛሉ። ሁለቱም የሚዋጓቸውን ተሐዋስያን ቀድሞ ያየው ሐኪም አልነበረም፤ የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴው አንቶኒ ቫን ሊውዌንሆክ ነበር።

ሊውዌንሆክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 24 ቀን 1632 በዴልፍት ከተማ ከቅርጫት ሠሪ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ አጣ። በ16 ዓመቱ የጨርቅ ንግድ ሊማር ወደ አምስተርዳም ሄደ፤ ኋላም በትውልድ ከተማው የራሱን ሱቅ ከፈተ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የዘመኑ የሊቃውንት ቋንቋ የነበረውን ላቲንም አያውቅም ነበር። ይሁን እንጂ በገዛ እጁ እየሞረደ በሠራቸው ትናንሽ ሌንሶች ከእርሱ በፊት ማንም ያላየውን ዓለም ተመለከተ። ከ1673 ጀምሮ ግኝቶቹን በደብዳቤ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ላከ፤ ማኅበሩም በ1680 አባል አደረገው።

ጥርሱን በየማለዳው በጨው የማሸት ልማድ ነበረው። ሆኖም በ1683 በጥርሶቹ መካከል የቀረውን ነጭ ቆሻሻ ፍቆ፣ በውኃ በጥብጦ በሌንሱ ቢመረምረው፣ የሚንቀሳቀሱ ደቂቅ ፍጥረታት ሞልተውበት አገኘ። ዕድሜውን ሙሉ አፉን አጽድቶ ከማያውቅ አንድ ሽማግሌ የወሰደው ናሙና ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር።

ቀጥሎ አፉን በኮምጣጤ ተጉመጠመጠ። ኮምጣጤው የገደለው ከቆሻሻው ውጭ ያሉትን ብቻ ሆነ፤ ውስጥ የተሸሸጉት ተረፉ። በኋላም በፊት ጥርሶቹ ላይ ሕያው ፍጥረት ባጣ ጊዜ ምክንያቱ በየጠዋቱ የሚጠጣው ትኩስ ቡና እንደሆነ ገመተ።

ሊውዌንሆክ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 26 ቀን 1723 በ90 ዓመቱ አረፈ። በኮምጣጤ የደረሰበት እውነት ግን ዛሬም ይሠራል። በብዙ መጉመጥመጫዎች የሚገኘው ክሎርሄክሲዲን ከባክቴሪያው የውጭ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ሽፋኑን ይሸነቁራል፤ በውስጡ ያለውም ፈስሶ ባክቴሪያው ይሞታል። ይሁንና ባክቴሪያዎች በጥርስ ላይ ተጣብቀው ወፍራም ዝልግልግ ሽፋን ከሠሩ፣ መድኃኒቱ ወደ ውስጠኛው ክፍል ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል። ይህንን ሽፋን የሚያነሣው የብሩሽ ወይም የመፋቂያ ፍትጊያ ነው። ክሎርሄክሲዲን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም ጥርስን ያጠቁራል፤ ስለዚህ የሐኪም ምክር ያሻዋል።

ስለዚህ የድድ መድማትንና የአፍ ጠረንን በመጉመጥመጫ ብቻ እየሸፈኑ መቆየት ጥርስን እስከ ማጣት ሊያደርስ ይችላል። መፋቅ ይቀድማል፤ መጉመጥመጥ ይከተላል፤ ሕመሙ ካልቆመ የጥርስ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል።