ከራስ ቅል ወደ ጉልበት፡- ዶ/ር ካርል ዱሲክ

ከጎጆ እስከ አምቦ፣ ከአምቦ እስከ አዲስ አበባ፣ አልትራሳውንድ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድማ የምትታየን ነፍሰ ጡር ሴት ናት፡፡ ድምፅን ለሰውነት ምርመራ ለማዋል ቀድመው ከሞከሩት ሐኪሞች አንዱ ግን የአዕምሮና የነርቭ ሐኪሙ ዶ/ር ካርል ቴዎዶር ዱሲክ ነበሩ፡፡

ዱሲክ እ.ኤ.አ. በ1908 በቪየና ተወለዱ፡፡ በ1930ዎቹ መጨረሻ የፊዚክስ ባለሙያ ከሆኑት ወንድማቸው ከፍሬድሪክ ጋር በመሆን፣ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ በአንድ ወገን ወደ ጭንቅላት እየላኩ በሌላው ወገን በመቀበል የአንጎል ዕጢን ለማየት ሞከሩ፡፡ ሥራቸውንም በ1942 አሳተሙ፡፡

ደስታው አልዘለቀም፡፡ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጀርመንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት፣ አንጎል በሌለው፣ ውኃ በሞላው የራስ ቅልም ተመሳሳይ ምስል አገኙ፡፡ ለካ ምስሉን በአመዛኙ የሠራው አጥንቱ ኖሯል፡፡ የዓመታት ልፋት ውኃ በላው፡፡

ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ዱሲክ ግን ሥራውን አልተዉትም፡፡ በ1958 ከባልደረቦቻቸው ጋር ቆዳ፣ ስብ፣ ጡንቻ፣ ጅማት፣ አጥንትና ካርቲሌጅ የሚባለው የመገጣጠሚያ ልም አጥንት ድምፅን ምን ያህል እንደሚያዳክሙ ለክተው አሳተሙ፡፡ ጥናቱ በመገጣጠሚያ አልትራሳውንድ ታሪክ የመጀመሪያው ተደርጎ ይጠቀሳል፡፡ በ1968 ያረፉት ሐኪም ፍሬውን አላዩም፤ የጉልበትን ልም አጥንት በአልትራሳውንድ ምስል የገመገመ ጥናት የወጣው በ1984 ነበር፡፡

ዛሬ ጉልበት በደንብ ታጥፎ ከሎሚው በላይ ሲመረመር፣ ጤነኛ ልም አጥንት ጠርዙ የጠራ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል፡፡ ሲጎዳ ይሳሳል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል፡፡ በሪህ ጊዜ የዩሪክ አሲድ ቅንጣቶች በላዩ ላይ ነጭ መስመር ያሰምሩበታል፡፡ ራጅ ግን የሚያሳየው በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት እንጂ ልም አጥንቱን አይደለም፡፡

ዱሲክን ያሸነፈው አጥንት ዛሬም ድምፅን ይጋርዳል፤ በአጥንቶች መካከል የተደበቀውን ክፍል ለማየት ኤምአርአይ ያስፈልጋል፡፡ ሆኖም ከጎጆ ጉልበቱን እየጎተተ ለሚመጣ ገበሬ፣ ኤምአርአይ ፍለጋ አዲስ አበባ ከመዝለቁ በፊት ብዙውን ነገር በአልትራሳውንድ መለየት ይቻላል፡፡ የሚያስፈልገው ለእርግዝና ከሚውለው የተለየ፣ ድግግሞሹ ከፍ ያለ መፈተሻና የሠለጠነ እጅ ነው፡፡